ቀጭ የምትለዋ ድምፅ

የመኪና ኤሌክትሪሻኑን እናቱ ባወጣችለት ስም የሚጠራው ሰው በጋራዡ ውስጥ የለም። ሁሉም «ጆሮ» ነው የሚሉት። ለስድብ የወጣ ስም አይደለም፤ እንደ ማዕረግ የተሰጠ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላው ሰው መኪና ሲፈታና ሲበትን እሱ መጀመሪያ ያዳምጣል። በተለይ ነገሩ የመስታወት ሲሆን። አልወጣም ወይም አልወርድም ያለ የመኪና መስታወት ሲመጣለት ካቻቢቴ አያነሳም። ይገባና ይቀመጣል፣ በሮቹን ሁሉ ይዘጋል፣ ሬዲዮውን ያጠፋል፣ ቁልፉን አንድ ጊዜ ያዞራል፣ ከዚያ አንድ እጁን ወደ ላይ ያነሳል።

ያ እጅ ሲነሳ ጋራዡ ጸጥ ይላል። ሕጉ ነው። የአየር መሙያው ይጠፋል፣ ወሬ ይቋረጣል፣ ከቆርቆሮው ግድግዳ ወዲያ የተጨረማመተ መኪና የሚያቃናው ባትላሜራ መዶሻውን አየር ላይ ይዞ ይቆማል። ጆሮ ያን ጊዜ ጆሮውን በሩ ላይ ይለጥፍና ስዊቹን ይጫናል።

በሩ ውስጥ «ቀጭ» ካለ ኤሌክትሪኩ ሞተሩ ድረስ ደርሷል ማለት ነው፤ ሞተሩ ሊገፋ ይፈልጋል፣ የያዘው ነገር አለ። ጥፋቱ መስታወቱን በሚስበው ገመድ ወይም በሚሄድበት ሀዲድ ላይ ነው። ጭጭ ካለ ደግሞ ኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ፊውዙ፣ ስዊቹ፣ በበሩ ማጠፊያ በኩል የሚያልፈው ሽቦ ይጠየቃል። ይህን ሁሉ ለመለየት የሚፈጅበት ጊዜ ሰው አፍንጫውን ተናፍጦ መሐረቡን ኪሱ እስኪከት ድረስ ነው።

«በር እንደ ሰው ነው» ይል ነበር። «ሳትጠይቀው ልብሱን ካወለቅህበት ያፍራል እንጂ አይናገርም።»

በትንሽ የኤሌክትሪክ መብራት የሽቦ ጫፍ እየነኩ የሚሞክሩትን ሌሎቹን ይንቃቸዋል። ያችን መሞከሪያ አምፖል «የደንቆሮ ምርኩዝ» ብሎ ስም አውጥቶላታል።

እንግዲህ የዚህ ሰው ጆሮ መስማት ማቆም ጀመረ።

በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ የሄዱት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው። የፍሬቻው ቲክ ቲክ ሄደ፤ «የዘንድሮ መኪና ዲዳ ነው» ብሎ አለፈው። የማንቆርቆሪያው ፉጨት ሄደ፤ ውሃው ፈልቶ ፈልቶ ሲያልቅ ሚስቱን ተቆጣት። የስልክ መጥሪያው ሄደ፤ ስልኩን ሰደበው። ወፍራም ድምፅ ግን እንዳለ ቀረለት፤ የሞተር ጉርምርምታ፣ የከባድ መኪና ጥሩምባ፣ ከሁሉም በላይ የባትላሜራው መዶሻ። ይህን ሁሉ እየሰማ እንዴት «ጆሮዬ ደከመ» ይበል? «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው ተረት ለሐሜት የተተረተ ነበር፤ በእሱ ላይ ግን ቃል በቃል ደረሰ።

ድምፆቹ በወጡበት በር ቁጣ ገባ።

«ሰው ሲናገር አፉን ይክፈት! ምን ያጉረመርማችኋል?» አለ በጋራዡ። «የሚነገረውን ከሆድሽ አውጥተሽ ተናገሪ» አለ በቤቱ። አውቶቡስ ላይ ረዳቱን፣ መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ሻጩን፣ ጎረቤት ቤት ለቅሶ ላይ እንኳ ሐዘንተኛውን ተቆጣ። ሰዎች «ዕድሜ ነው» አሉ። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። ሌሎቹ «ድሮም ነበረበት» አሉ። ድሮ አልነበረበትም።

አያውቅም ነበር ማለት ግን ውሸት ነው። አንድ ቀን ማንም ሳያየው አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ቀኝ ጆሮው ሥር አሸት አሸት አድርጓል። ምንም። ሁለተኛ አልሞከረውም። ምክንያቱም የምስክር ወረቀት የለውም፤ ትምህርት ቤት የተማረው ሽቦ የለም፤ ያለው ነገር ያች ስም ብቻ ናት። ጋራዡን ከአባቱ የወረሰው የዛሬው ባለቤት ገና ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ መኪናን በኮምፒዩተር የሚመረምሩ ሁለት ሰዎች ሊቀጥር እንደሚያስብ ሲናገር ተሰምቷል። ጆሮ የሌለው ጆሮ በዚያ ግቢ ውስጥ ምን ተብሎ ይቀመጣል? ይህን እያሰበ ጥርሱን ይነክሳል፣ ይቆጣል፣ ያልሰማውን እንደሰማ ሆኖ ራሱን ይነቀንቃል።

አዋላጇ የመጣችው በዚህ መሃል ነው።

በእሱ ዕድሜ ያለች፣ አጠር ያለች፣ ቶሎ ቶሎ የምትራመድ ሴት ናት። ትንሽ ነጭ መኪናዋ የቀኝ በሯ መስታወት ሲሶው ወርዶ ቀርቷል።

«ወንድሜ፣ ይህን ነገር ይዩልኝ እስቲ» አለችው። «በጠሩኝ ሰዓት የምሮጥ ሰው ነኝ። መኪናዬ አፏን ከፍታ ነው የምትጠብቀኝ።»

«ችግር የለም ሲስተር። አሁን ትናገራለች» አላት።

ስልኳ ጠርቷት ወደ ግቢው በር ራቅ አለች። እሱ ገባ፣ ዘጋ፣ እጁን አነሳ። ጋራዡ ጸጥ አለ። ስዊቹን ተጫነ። ጭጭ። ደገመው። ጭጭ። በሩ ግን ጭጭ አላለም ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ «ቀጭ» ብሏል፣ አጠገቡ ሆኖ የሚመሰክር ሰው ብቻ አልነበረም።

«ስዊቹ ሞቷል» ብሎ ፈረደ።

አዋላጇ አዲስ ስዊች ገዝታ መጣች። ገጠመላት። አሁንም መስታወቱ እምቢ ሲል፣ የዚያን ሰሞን ሁሉም ነገር ያናድደው ነበርና፣ በሩን ከፍቶ በኃይል ወርውሮ ዘጋው። ስዊቹን ደግሞ ሲጫነው ባላሰበው ምክንያት መስታወቱ ሸርተት ብሎ እስከ ላይ ወጣ።

«ይኸው!» አላት።

«እጅዎ ይባረክ» አለችው።

በአራተኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ነጯ መኪና በግቢው በር ገብታ በቆመችበት ጎማዋ አፈር በተነ። አዋላጇ ወረደች። ጆሮ ከፊቷ ላይ ነገሩን አነበበ፤ ከጊዜ ወዲህ ከሰው ድምፅ ይልቅ የሰው ፊት ነበር የሚነግረው።

«አንተ ነህ አይደል ‹ይኸው› ያልከኝ?» አለች።

ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» መውረዱን ልብ አለ። ከመስታወቱ ጋር እሱም ወርዷል።

«ምን ሆነ ሲስተር?»

«ምን ያልሆነ አለ? ትናንት ጤና ጣቢያው በር ላይ መኪናዬን አቆምኩ። ወደ ታች የወረደው መስታወት አልወጣ አለ። ውስጥ ደግሞ ምጥ የያዛት ልጅ ትጮሃለች። ምን ላድርግ? ሮጬ ገባሁ። ስወጣ ቦርሳዬ የለም! የሥራ ዕቃዬ በሙሉ፤ የእንጨት ማዳመጫዬም ጭምር። ከእናት ሆድ የልጅ ልብ የምሰማበት፣ አስተማሪዬ የሰጠችኝ፣ ሃያ ስድስት ዓመት በእጄ የኖረ!»

«ታዲያ ሌባውን የላክሁት እኔ ነኝ?»

ይህን ማለት አልነበረበትም። ማለት እንዳልነበረበት ያወቀው አፉን ሳይዘጋ ነው። ግን ቁጣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንደበጠሰ መኪና ነው፤ አንዴ ከሄደ ግድግዳ እስኪያገኝ ይሄዳል።

ጩኸቱን ሰምቶ ባለጋራዡ ከቢሮው ወጣ። ባትላሜራውም፣ «መዶሻ» የሚሉት የጆሮ የረጅም ዘመን ጓደኛ፣ በቆርቆሮው ግድግዳ ጥግ ብቅ አለ።

«ሽቦው ነው» አለ ጆሮ። «ስዊቹን ቀይሬያለሁ፣ ስለዚህ የቀረው ሽቦው ነው። በሩ ማጠፊያ ላይ ተቆርጧል።»

«እንዴት አወቅህ?» አለች አዋላጇ።

«ድምፅ የለውማ! ኤሌክትሪክ ቢደርሰው ይናገር ነበር።»

«ይናገራል እንጂ! ከትናንት ጀምሮ በተጫንኩት ቁጥር ውስጡ አንድ ነገር ቀጭ ይላል።»

«አይልም።»

«ይላል።»

«ሲስተር፣ እኔ አንቺን ማዋለድ ላስተምርሽ?»

አዋላጇ ገብታ ቀኝ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ቁልፉን አዞረች፣ በሩን ዘጋች፤ ከዚያ የግቢውን ሕግ አውቃ ሳይሆን ከራሷ ሥራ እንደለመደችው፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ሁሉንም ዝም አሰኘች። ጋራዡ ጸጥ አለ። መስታወቱ ወርዷልና በሩ ውስጥ ያለውን ድምፅ ለመስማት ጆሮ መለጠፍም አያስፈልግም ነበር።

ተጫነች። «ይኸው።»

«ምኑ?» አለ ጆሮ።

ደግማ ተጫነች። ባለጋራዡ ወደ መሬት አየ። «ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ይላል እኮ።»

«ምን ይላል?»

«ቀጭ ይላል። ከዚህ ቆሜ እሰማዋለሁ።»

ጆሮ አንዱን ፊት አየ፣ ሌላውን ፊት አየ። የሁለቱም ፊት አንድ ነገር ሰምቷል። የእሱ ብቻ አልሰማም። ደሙ ወደ ራሱ ወጣ።

«ተማክራችሁ ነው! በእኔ ላይ ተማክራችሁ ነው! አንተ ልጅ፣ በቁምጣ እዚህ ግቢ ውስጥ ስትሮጥ እኔ ነበርኩ ዘይት ውስጥ እንዳትገባ የምይዝህ፤ ዛሬ ቀጭ ይላል አይልም ብለህ ታስተምረኛለህ?» በእጁ የነበረውን ፒንሳ መሬት ላይ ፈጠፈጠው።

ባለጋራዡ ፒንሳውን አነሳ። ጨርሶ አልተቆጣም፤ ይህ ነው ጆሮን የባሰ ያቃጠለው።

«ዛሬ ደክሞዎታል ጋሼ። ቤት ይሂዱና ይረፉ። ይህችን መኪና ለሌላ ሰው አሳያታለሁ።»

ለሌላ ሰው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የመስታወት ሥራ ከእጁ ወጥቶ ለሌላ ሰው ሲባል የመጀመሪያው ነው። ቱታውን ሳያወልቅ ወጥቶ ሄደ።

ቤቱ ከጎማ ጠጋኙ ጀርባ ያለው ሁለት ክፍል ነው። በፊተኛው ክፍል ሚስቱ የተማሪ ልብስ ትሰፋለች፤ ሰማያዊ ጨርቅ በየወንበሩ ላይ ተቆልሏል፣ የተቆረጡ ክሮች ወለሉን አልብሰውታል። በረፋድ ሲገባባት እግሯን ከስፌት መኪናዋ መርገጫ ላይ አነሳች።

«ምን ሆነህ ነው በዚህ ሰዓት?»

«ሁሉም አብደዋል» አለና ጨርቁን ገፍቶ ተቀመጠ። ነገራት። አዋላጇን፣ ባለጋራዡን፣ የመስታወቱን ነገር። ሲጨርስ ሚስቱ መቀሱን አስቀመጠች።

«ሁሉም ቀጭ አለ አሉ?»

«አሉ።»

«አንተስ?»

ቱታው ላይ የተጣበቀ ክር ነቀለ።

«እንግዲያው ብሏላ» አለች።

«አንቺም?» ብሎ ከመቀመጫው ተነሳ። «አንቺም ከእነሱ ጋር—»

«ጩህ!» አለችው ሚስቱ፣ እሷም ብድግ ብላ። ጩኸቷን ሠላሳ ዓመት አብሮ ሲኖር ሰምቶት አያውቅም። «ጩህ እንጂ! ሁለት ዓመት ጮኸህብኛል፣ ዛሬ ምን ይጨመርብኛል? ‹ታጉረመርሚያለሽ› ትለኛለህ። እኔ አላጉረመርምም! ጎረቤት የምናገረውን ሁሉ ይሰማል፣ ጎማ ጠጋኙ ይሰማል፣ አንተ ብቻ ነህ የማትሰማው! ሐኪም እንሂድ ስልህ ተቆጣህ። በስተግራህ ተቀምጬ ሳወራህ ተቆጣህ። ተውኩት። እንደ ግድግዳ ቆጥሬህ ተውኩት። ልጅህ ለምን እንደማትደውልልህ ታውቃለህ?»

«ሥራ በዝቶባት ነዋ።»

«‹እጮኛዬ ትቶኝ ሄደ አባባ› ብላ ስታለቅስልህ፣ ‹ጎሽ የኔ ልጅ፣ በርቺ› ብለህ ስልኩን ስለዘጋህባት ነው!»

ጨርቁ ላይ ተቀመጠ።

ቀኑን አስታወሰው። ጋራዥ ውስጥ ነበር፣ መዶሻው ይመታ ነበር። በስልኩ ውስጥ ከሩቅ እንደሚመጣ የሽቦ ጩኸት ያለ ቀጭን ድምፅ ሰማ፤ ልጁ መሆኗን ስልኩ ላይ ከወጣው ስሟ አወቀ፣ ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልያዘም። ያልሰማ ሰው ለሁሉም ነገር የሚሆን መልስ ያዘጋጃል። እሱ ያዘጋጀው «ጎሽ፣ በርቺ» የሚለውን ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ የትም ሲል አልተያዘበትም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሦስት ጊዜ ነገርኩህ። ሦስቱንም ጊዜ ‹እሺ› አልከኝ።»

ቁጣው አልበረደም፤ እንዲያውም ጨምሯል፣ ግን የሚወረውርበት ሰው አጣ። የመለዋወጫ ሻጩን «የሞተ ስዊች ሸጥክልኝ» ብሎ ሰው ፊት ያዋረደው ትዝ አለው። ስዊቹ አልሞተም ነበር። ስንት ደህና ስዊች፣ ስንት ደህና ሽቦ በሁለት ዓመት ውስጥ ገድሏል? የስንት ሰው ቦርሳ?

«ቅዳሜ ልጄ ጋ እሄዳለሁ» አለ በመጨረሻ። «በስልክ አይሆንም። አፏን እያየሁ ነው የምሰማት።»

«አሁንስ?»

«አሁን ያችን መኪና ሌላ ሰው አይነካትም።»

ጋራዥ ሲደርስ ነጯ መኪና በቆመችበት ነበረች። አዋላጇ ከመኪና በተነቀለ አሮጌ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች፤ ባለጋራዡ በስልክ ሌላ ኤሌክትሪሻን ያፈላልጋል፤ ከቆርቆሮው ወዲያ መዶሻው ይወርዳል። ጆሮ መሃል ግቢው ላይ ቆመ። መንገድ ላይ አሥር ጊዜ የተለማመደውን ተናገረ።

«አይሰማኝም።»

ማንም ቀና አላለም። መዶሻው ዋጠው።

«አይሰማኝም!» አለ።

ባለጋራዡ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ «ምን አሉ ጋሼ?» አለው።

«አይሰማኝም አልኩ! ጆሮዬ አይሰማም! ቀጭን ነገር ከሰማሁ ሁለት ዓመቴ ነው! ይህን ከአፌ ለማውጣት ስንት መከራ አይቼ፣ ደግሞ ሦስት ጊዜ ታስብሉኛላችሁ?»

መዶሻው ቆመ። እጁን ሳያነሳ ጋራዡ ጸጥ አለ። ፊቱ ከአንገቱ እስከ ግንባሩ ቀልቷል። ከሁሉም በፊት የተነሳችው አዋላጇ ነበረች። ቀርባ፣ ፊት ለፊቱ ቆማ፣ አፏን እንዲያይ አድርጋ ጠየቀችው።

«ቀኙ ነው ግራው?»

«ሁለቱም። ቀኙ ይብሳል።»

«ወፍራም ድምፅስ?»

«ይሰማኛል። ሞተር፣ መዶሻ፣ የዚህን ልጅ ድምፅ። የሴት ድምፅ ነው የሚያመልጠኝ።»

«ዛሬ ይቅር አልልህም» አለችው። «ቦርሳዬ ሆዴ ውስጥ እየነደደ ነው። ነገ ደግሞ አስብበታለሁ። አሁን ግን ግባና ሥራ።»

«ማን ያዳምጥልኛል?»

«እኔ ነኛ። እንጀራዬ ማዳመጥ አይደል?»

እሷ ገብታ ስዊቹ ላይ ጣቷን አስቀመጠች። እሱ ወደ ባለጋራዡ ዞረና እጁን ዘረጋ። «ያችን የደንቆሮ ምርኩዝ አምጣት» አለው። ባለጋራዡ ሊስቅ አለና ፊቱን ሲያይ ተወው።

የበሩን ውስጠኛ ሽፋን ፈታ፤ ከመያዣው ሥር ያሉትን ብሎኖች፣ በዙሪያው ያሉትን የፕላስቲክ ቁልፎች አንድ በአንድ። ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ሶኬት አገኘ፣ የአምፖሉን ጫፎች በሁለቱ ሽቦዎች ላይ አስነካ። «ተጫኝ!» አለ። አምፖሏ በራች። ኤሌክትሪኩ ደርሷል፤ ስዊቹም ሽቦውም ንጹሕ ነበሩ። ስለዚህ ሞተሩን ከገመዱ አላቀቀና ለብቻው በመዳፉ ያዘው። «ተጫኝ!» ሞተሩ እጁ ውስጥ ተንቀጠቀጠና ዞረ። እሱም ንጹሕ ነው። የቀረው ሀዲዱ ነበር። እጁን እስከ ክርኑ በሩ ሆድ ውስጥ ከትቶ ዳሰሰ፤ መስታወቱን ከሀዲዱ ጋር የሚያያይዘው ፕላስቲክ ተሰንጥቋል፣ ገመዱም ተተልትሎ አንዷ ክር መዘውሩ ውስጥ ተሰክታለች። መስታወቱ በተነሳ ቁጥር ወደ አንድ ወገን ይጋደልና ይነክሳል፤ ሞተሩ ይገፋል፣ አልሆን ሲለው «ቀጭ» ብሎ ይቆማል።

እጁን አወጣ። ሁሉም ከበውታል። መዋሸት ይችል ነበር፤ «ሁለት ጥፋት ነበረበት፣ አንዱን ያን ቀን ሠርቼዋለሁ» ቢል የሚያውቅበት የለም።

«ያን ቀን መስታወቱን ያወጣው አዲሱ ስዊች አይደለም» አለ። «ተናድጄ በሩን ስለወረወርኩት ነው። የተጋደለው በንዝረቱ ተቃንቶ ነው የወጣው። ስዊችሽ ደህና ነበር። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

አዋላጇ «ቀጥል» አለችው።

ባለጋራዡ ራሱ ሄዶ ሙሉ ሀዲድ ከነገመዱ አመጣ። ጆሮ ገጠመው፣ መስታወቱ የሚሄድበትን ጎማ ከአቧራ ጠረገው፣ ሽፋኑን ከመመለሱ በፊት ስድስት ጊዜ አስወጣ፣ ስድስት ጊዜ አስወረደ። በእያንዳንዱ ጊዜ አዋላጇ የሰማችውን ነገረችው፤ «ለስላሳ ነው»፣ «አሁንም ለስላሳ»፣ «እዚህ ላይ ትንሽ ፋቀ»፤ የፋቀበትን ቦታ በጣቱ አግኝቶ አቃናው።

እጇን ስትጠርግ አዋላጇ ወደ ቆርቆሮው ግድግዳ ተመለከተች።

«ከዚህ ባለመዶሻ አጠገብ ስንት ዓመት ሠራህ?»

«ሃያ ሁለት።»

«በመካከላችሁ ያለው ይኸው ቆርቆሮ ብቻ ነው?»

መልስ ሳትጠብቅ ዞር ብላ ሄደች። ባትላሜራው ጀርባውን ሰጥቶ አንድ መከላከያ ይለካል። ከኋላው ቆማ እንደ ደንበኛ በመካከለኛ ድምፅ «ወንድም?» አለችው። አልዞረም። «ወንድም፣ እዚህ ጋ?» አለችው። አልዞረም። ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ገባው።

«መዶሻ!» ብሎ ጮኸ ጆሮ።

«አቤት!» ብሎ ዞረ መዶሻ።

«አንተም?»

«ምኑን?»

«አትሰማም?!»

«እኔማ አሥር ዓመት አለፈኝ» አለ መዶሻ፣ እንደ ቀላል ነገር። «ለእኔ ሥራ ጆሮ ምን ይሠራል? ቆርቆሮ የሚመታው በዓይን ነው። እጅህ ስትነሳ በቆርቆሮው ቀዳዳ እያየሁ ነው የማቆመው።»

«ለምን አልነገርከኝም አንተ ሰውዬ?»

«አንተን እኮ በደንብ እሰማሃለሁ። ሁልጊዜ ስለምትጮህ። በዚህ ግቢ ውስጥ ቃል የሚገባኝ ካንተ ጋር ሳወራ ብቻ ነው፤ ለዚህም ነው የምወድህ።»

ባለጋራዡ ሳቀ። አዋላጇም ከንፈሯን ነከሰች። ጆሮ ግን አልሳቀም። ዓይኑ ከመዶሻ ፊት ወደ ቆርቆሮው ግድግዳ፣ ከግድግዳው ወደ ባለጋራዡ ሄደ፤ ከጠዋት ጀምሮ የሚያርፍበት ያጣው ቁጣ ቦታውን አገኘ።

«የሁለታችንን ጆሮ የበላው የባትላሜራው ቦታ ከዚህ ይነሳል» አለ።

«የት ይሄዳል ጋሼ? ቦታ የለም እኮ።»

«ከኋላ።»

«ከኋላ ያለው አሮጌ ጎማ ነው።»

«ጎማ ጆሮ የለውም! አባትህን ጠየቅሁት፣ ‹ከርሞ› አለኝ። አንተን ከሦስት ዓመት በፊት ጠየቅሁህ፣ ‹እናያለን› አልከኝ። ይኸው አያችሁ!»

«እሺ፣ እስከ ወር መጨረሻ ልሞክር። አሁን ግን የእርስዎን ነገር እንነጋገር። ደንበኛ ይህን ሲሰማ ምን ይላል?»

«ይስማ! ከዚህ ግቢ አንድ ሰው እንኳ ይስማ! መስታወት በአምፖል እሠራለሁ፣ በእጄ እሠራለሁ፣ አሁን ሠርቼ አሳይቼሃለሁ። የምታባርረኝ ከሆነ አባረኝ፤ ግን መጀመሪያ ይህ ይነሳል።»

አዋላጇ የመኪናዋን በር ዘጋች። መስታወቱን አወጣች። ከደብተሯ ቅጠል ቀድዳ የጆሮ ሐኪም ያለበትን ቦታ ጻፈችለትና በመጨረሻ ለባለጋራዡ፣ «ሰውየው እውነቱን ነው» አለችው። «እርስዎም ገና ወጣት ነዎት። ጆሮዎን ይጠብቁ» ብላው ሄደች።

ባለጋራዡ በሄደችበት በኩል ሲያይ ጆሮ ከቆርቆሮው ወዲያ ገባ። መዶሻው የሚያርፍበት ሰንዳን፣ የሁለት ሰው ጉልበት የሚፈልግ የብረት ጉማጅ፣ በእንጨት ግንድ ላይ ተቀምጧል። በአንዱ ጫፍ ያዘው።

«ና ያዝ!» አለ።

«አሁን?» አለ መዶሻ።

«አሁን ነዋ! ከርሞ ነው እንዴ?»

መዶሻ ሌላውን ጫፍ ያዘ። አነሱት። ወገባቸው ተጣጥፎ፣ እርስ በርስ እየተሰዳደቡ፣ «ቀስ በል!»፣ «አንተ ቀስ በል!»፣ «እግሬን!»፣ «እግርህን ከዚያ አንሳዋ!» እየተባባሉ፣ ግቢውን አቋርጠው ወደ ኋላ ወሰዱት። ባለጋራዡ እጁን እያወናጨፈ ይከተላቸዋል፤ የሚናገረው ነገር ረጅም ነበር፣ ሁለቱም አንድ ቃል አልሰሙም። አሮጌዎቹ ጎማዎች ዘንድ ሲደርሱ ጆሮ የመጀመሪያውን ክምር በእግሩ ገፍቶ ናደው።

«እዚህ» አለ፣ «አስቀምጥ።»